«ደሜ በዝቷል ወይስ አንሷል?» የደም መጠን ብዙ ሳይወጉ እንዴት ይለካል

እትዬ ከመንዝ መሐል ሜዳ ለሕክምና ደብረ ብርሃን የመጡት ጥቅምት ላይ ነበር። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እግራቸው አብጧል። ትንሽ ከተራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከመቀነታቸው ሁለት የታጠፈ ወረቀት ፈተው ሰጡኝ። አንደኛው ከዓመት በፊት «ደም ብዛት አለብዎት» ተብለው የተሰጣቸው የመድኃኒት ማዘዣ ነው። ሁለተኛው የሰሞኑ የላብራቶሪ ውጤት ነው። በእሱ ደግሞ «ደም ማነስ ነው» ተብለዋል።

«አንተ ተምረሃል፣ እስቲ ንገረኝ» አሉ። «ደሜ በዝቷል ወይስ አንሷል? አንዱን ይንገሩኝ እንጂ!»

ያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ከውስጤ አልወጣም። ሐኪሞችን ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። እትዬ የጠየቁት በሕክምና ውስጥ ካሉ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ሆኖ አገኘሁት። ሰው አካል ውስጥ ያለውን ደም ሳይቀዱ ስንት ሊትር እንደሆነ ማወቅ እስከዛሬ ሐኪሞችን ያስቸግራል።

ደም ብዛትና ደም ማነስ የደም መጠን አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ያሳሳተን ስማቸው ነው።

«ደም ብዛት» የምንለው የደም ግፊት ነው። ደሙ የስሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ማለት ነው። ቱቦው ሲጠብ ውሃው ሳይጨምር ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ደሙ በዝቷል ማለት አይደለም።

«ደም ማነስ» ደግሞ የሄሞግሎቢን ማነስ ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለ፣ ኦክስጅን የሚሸከም ፕሮቲን ነው። ላብራቶሪው የሚነግረን በአንድ ዴሲ ሊትር (በ100 ሚሊ ሊትር) ደም ውስጥ ስንት ግራም ሄሞግሎቢን እንዳለ ነው። ይህ የደሙን ውፍረት እንጂ ብዛቱን አይናገርም።

ሽሮ አስቡ። በጭልፋ ቀድታችሁ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ድስቱ ሙሉ ይሁን ግማሽ ግን ጭልፋው አይነግራችሁም። ቀጭን ሽሮ ሙሉ ድስት ሊሆን ይችላል። ወፍራም ሽሮ ደግሞ ድስቱ ቂጥ ላይ የቀረ ሊሆን ይችላል። የላብራቶሪ ናሙና ጭልፋው ነው። የደም መጠን ድስቱ ነው።

ደም ራሱ በዋናነት ከሁለት ነገር ይሠራል። አንዱ ቀይ ሴሎቹ ናቸው። ሌላው ፕላዝማ የሚባለው ቢጫማ ፈሳሽ ነው። ሴሎቹ የሽሮው ዱቄት ናቸው፣ ፕላዝማው ውሃው። ሁለቱ ለየብቻ ይጨምራሉ፣ ለየብቻም ይቀንሳሉ። ለምሳሌ ከቆላ ወደ ከፍታ የወጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፕላዝማው ይቀንሳል። ዱቄት ሳይጨመር ሽሮው ወፈረ ማለት ነው። ላብራቶሪው «ደምህ ጨምሯል» ሊያስመስል ይችላል፤ በእውነቱ ግን ጠቅላላ ደሙ ቀንሷል።

ለመሆኑ ስንት ሊትር ደም አለን?

ለአዋቂ ወንድ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር፣ ለሴት ደግሞ 65 ገደማ ተብሎ ይገመታል። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 3 ሊትር ከሩብ ያህል ደም አላት ማለት ነው። አንድ ሊትር ከፈሰሳት የደሟ ሲሶ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

እርጉዝ ሴት ሌላ ናት። ወደ መውለጃዋ ስትቃረብ ደሟ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ከሴሎቹ ይልቅ ፕላዝማው ስለሚበዛ ደሟ ይቀጥናል። ወረቀቷ ላይ ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ድስቷ ግን ሞልቷል። ገና የተወለደ ሕፃን በኪሎ ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ አለው። ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጠቅላላ ደሙ አንድ የውሃ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ሁለት ሚሊ ሊትር ተኩል ለምርመራ ስንቀዳለት ከመቶ አንዱን ወሰድንበት። ሳይወጉ የመለካት ጉዳይ ለሕፃናት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይገባል።

ሯጮችም እንዲሁ የተለዩ ናቸው። ረጅም ርቀት የሚለማመድ ሰው ደሙ ካልሠለጠነ ሰው በግልጽ ይበልጣል። የጃቶው ልጅ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ስንት ሊትር ደም እንደነበረው ባውቅ ደስ ባለኝ።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ ግምቶች መሆናቸው ነው። ለጤነኛ ሰው ይበቃሉ። ለታመመ ሰው ግን ግምቱ የሚሳተው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ቢሳትስ ምን ይሆናል?

ሰውነታችን እንደ ጨዋ ቤተሰብ ገመናውን ይሸፍናል። ክረምት ላይ እህል ያለቀበት ቤት እንግዳ ሲመጣ እናት የራሷን ድርሻ ታቀርባለች። እንግዳው ጎተራው ባዶ መሆኑን አያውቅም። ደም ሲፈስም እንዲህ ነው። የቆዳ፣ የእጅና የእግር ስሮች ይጠባሉ። ልብ ይፈጥናል። ያለው ደም ለአንጎልና ለልብ ይላካል። በዚህ የተነሳ የደሙን 30 በመቶ እስኪያጣ ድረስ የደም ግፊቱ ደህና መስሎ የሚታይ ሰው አለ። ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ጊዜ ይወድቃል።

ሄሞግሎቢኑም ወዲያው አይናገርም። ሰው ሲደማ ዱቄቱም ውሃውም አብረው ነው የሚፈሱት። የቀረው ሽሮ ውፍረቱ ያው ነው። ደሙ የሚቀጥነው ከሰዓታት በኋላ፣ ፈሳሽ ከሌላው የሰውነት ክፍል ወደ ስሮቹ ሲገባ ነው። ስለዚህ የመኪና አደጋ ደርሶበት የመጣ ሰው «ሄሞግሎቢኑ 14 ነው፣ ደህና ነው» ስለተባለ መረጋጋት አይገባም።

የተገላቢጦሹም አለ። እኛ ዘንድ ታማሚ ሲደክም «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ማለት ልማድ ነው። ካልተሰቀለ ሕክምና ያልተሰጠ ይመስለናል። ፈሳሽ ሲበዛ ግን ወደ ሳንባ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ብዙ ሐኪሞችን አስደንግጧል። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ተሳትፈውበታል። ኃይለኛ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም የነበረባቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ወባ ይዟቸው ነበር። በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ከ100 ልጆች 10 ወይም 11 የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። በፍጥነት ካልተሰጣቸው ደግሞ ወደ 7 የሚሆኑት። እባካችሁ ይህን ለተቅማጥ እንዳታውሉት። በተቅማጥ ወይም በመድማት ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ ጥናቱ ውስጥ አልነበረም፤ ለእሱ ፈሳሽ ሕይወቱ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው። ከውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ልጆች የአንዱ ድስት ጎድሎ የሌላው ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሐኪሞች እስከዛሬ እንዴት ይለኩ ነበር?

በትልልቅ ሆስፒታሎች ፅኑ ሕሙማን ክፍል አንገት ላይ ካለ ትልቅ የደም መላሽ ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል። ጫፉ ልብ አጠገብ ይደርሳል፤ በእሱም ግፊት ይለካል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ደግሞ ልብን አልፎ ሳንባ ሥር ድረስ የሚዘልቅ ቱቦ በስፋት ተለመደ። ሁለቱም መድማትና ኢንፌክሽን ሊያመጡ ይችላሉ። ሠልጥኖ የሚያስገባ እጅም ይፈልጋሉ።

የሚገርመው፣ ከዚህ ሁሉ መወጋት በኋላ የሚገኘው ቁጥር ግፊት ነው እንጂ መጠን አይደለም። በዚያ ግፊትና በእውነተኛው የደም መጠን መካከል ያለው ዝምድና ደካማ መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። አነስ ያለ ጉዳት ያለው መንገድ መፈለጉ ለታማሚው ከማዘን ብቻ የመጣ አይደለም። ነባሩ መንገድም የሚፈለገውን መልስ አይሰጥም ነበር።

የጋኑ ዘዴ፦ ሳይቀዱ ሊትሩን ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። ጋን ውስጥ ውሃ አለ እንበል። አፉ ጠባብ ነው፣ ውስጡ አይታይም፣ መገልበጥም አይቻልም። 100 ግራም ጨው መዝናችሁ ትጨምራላችሁ። በደንብ ታማስላላችሁ። አንድ ሊትር ቀድታችሁ ጨዉን ስትለኩ 2 ግራም ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጋኑ 50 ሊትር ይዟል።

ለደምም የሚደረገው ይኸው ነው። በጣም ጥቂት ጨረር የሚሰጥ አዮዲን የተለጠፈበት አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን በመርፌ ይሰጣል። ከደሙ ጋር እስኪዋሃድ ይጠበቃል። ከዚያ በየተወሰነ ደቂቃ ጥቂት ደም እየተቀዳ ምን ያህል እንደቀጠነ ይለካል። አንድ ጊዜ ብቻ የማይቀዳው ፕሮቲኑ ቀስ እያለ ከስሮቹ ስለሚሾልክ ነው። ጋኑ ትንሽ ያንጠባጥባል ማለት ነው፤ ስሌቱ ያንን ያስተካክላል። ትክክለኛነቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልዩ ማሽንና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። እየደማ ላለ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

ሌላው መንገድ ለኛ ለደገኞች ቅርብ ነው፤ ሳነበው ሰውነቴ ሰቅጦኛል። ብርድ ሲጠና ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎችን ሁላችንም ሰምተናል። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ሄሞግሎቢንን ይይዛል፤ ከያዘም ቶሎ አይለቅም።

ያ መጥፎ ጠባዩ ለመለኪያ ጥሩ ሆነ። አንዴ ሄሞግሎቢን ላይ ከተጣበቀ አይሾልክም። እ.ኤ.አ. በ1900 ጆን ስኮት ሆልዴን የሚባል፣ በማዕድን ጉድጓድ ጋዞች ላይ የሠራ የብሪታንያ ሳይንቲስት ከባልደረባው ጋር ይህን ተጠቅሞ የሰውን ደም ለካ። ዛሬ ዘዴው በጣም ተሻሽሏል። ሰውየው ተለክቶ የተሰጠውን ትንሽ ጋዝ ከኦክስጅን ጋር ለሁለት ደቂቃ ያህል ይተነፍሳል። ከዚያ ከጣቱ ወይም ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ጋዙ የሚይዘው የሄሞግሎቢኑን 5 ወይም 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከባድ አጫሽም በየቀኑ ከዚህ የማይተናነስ ይዞ ይዞራል።

ከዚህ የሚገኘው በመላው አካል ያለው የሄሞግሎቢን ክብደት ነው። ወደ ሽሮአችን እንመለስ። ድስቱ ውስጥ የገባውን ዱቄት ካወቃችሁ፣ በአንድ ጭልፋ ያለውንም ካወቃችሁ፣ ስንት ጭልፋ እንደሚወጣው ማካፈል ብቻ ነው። ዘዴው በብዛት የሚሠራበት ሯጮችና ተመራማሪዎች ዘንድ ነው። በባለሙያ እጅ፣ በተለካ ጋዝ ብቻ የሚደረግ ነው። የቤት ከሰል ከውጭ ተቀጣጥሎ፣ አመድ ለብሶም ቢሆን፣ በር ከተዘጋበት መኝታ ቤት መግባት የለበትም።

ምንም ሳይወጉስ?

እትዬን ያየቻቸው ዶክተር አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዳቸው ላይ፣ ከጎድን አጥንታቸው ሥር ቅባት አደረገች።

«በረዶ ነው እንዴ የቀባሽኝ ልጄ?» አሉ እትዬ።

«አልትራሳውንድ ነው እማማ፣ አሁን ያልቃል። እስቲ በአፍንጫዎ ሳብ አድርገው ይተንፍሱ።»

እኔ ስክሪኑን አየሁ። በግራጫው መሃል ጥቁር መንገድ የመሰለ ነገር ተጋድሟል። ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ሥር ነው። ዶክተሯ በጣቷ አሳየችኝ። ደም የጎደለበት ሰው በአፍንጫው ሲስብ ይህ ሥር እንደ ባዶ የውሃ ጎማ ይጣበቃል። የእትዬ ግን አልተነቃነቀም። ወፍራም ነው፣ እንደተነፋ ነው። ከ2.1 ሴንቲ ሜትር የሰፋና ሲተነፍሱ ከግማሽ በታች የሚጠብ ሥር ወደ ልብ መግቢያው ላይ ግፊቱ ከፍ ማለቱን ይጠቁማል። ቀጥላ ሳንባቸውን አየች። ሳንባ ውስጥ ውሃ ሲኖር ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ነጫጭ ጨረሮች ይታያሉ። የእትዬ ላይ ነበሩ።

አልትራሳውንድ ሊትር አይቆጥርም። ጎማው ሞልቷል ወይስ ላልቷል የሚለውን ነው የሚናገረው። ሆድ በጋዝ ሲነፋ አይታይም። ልብ ራሱ ሲታመም ደሙ ሳይበዛም ሥሩ ሊወጠር ይችላል። ቢሆንም መርፌ የለውም፣ ደጋግሞ ማየት ይቻላል። እኔ ከሁሉም ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው።

ከዚህም የቀለለ አለ። ታማሚው ከወገቡ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ አልጋው ይዘረጋና እግሮቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። ከእግር ወደ ደረት 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይወርዳል። ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም በአሥር በመቶ ከጨመረ ፈሳሽ ቢሰጠው ይጠቀማል ማለት ነው። ካልጨመረ ግሉኮሱ ይቅር። እግሩ ሲወርድ ደሙ ይመለሳል። አንዲት ጠብታ ሳይሰጡ ፈሳሽ መስጠትን መሞከር ነው። የሚረጨውን የሚለካ መሣሪያ ግን ያስፈልጋል፤ የደም ግፊቱን ብቻ ማየት አይበቃም።

የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ደሙ በቱቦ ከሰውነቱ ወጥቶ ስለሚመለስ አዲስ መወጋት አያስፈልገውም። ቱቦው ላይ ብርሃን እየበራ የደሙ ውፍረት ይለካል። ማሽኑ ውሃ ሲያወጣ ደሙ ይወፍራል፤ በዚያም መጠኑ በስንት በመቶ እንደቀነሰ ይታወቃል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ተመራማሪዎች በማሽኑ በኩል የታወቀ ትንሽ ፈሳሽ ሰጥተው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በማየት ሊትሩን ማስላት ችለዋል። ያው የጋኑ ዘዴ ነው፤ ጨዉን ውሃው ራሱ ተካው።

ጣት ላይ ቆንጥጦ የደምን ኦክስጅን የሚለካው ፑልስ ኦክሲሜትርም ተስፋ አለው። የልብ ምቱን ሞገድ ይሥላል። አሜሪካ ውስጥ ፈቃደኞችን ከወገብ በታች አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ አስገብተው ደማቸውን ወደ እግር እየሳቡ፣ ልክ እንደሚደማ ሰው ሞገዱ እንዴት እንደሚለወጥ ኮምፒውተር አስተምረዋል። ዓላማው ግፊቱ ከመውደቁ በፊት ገመናውን ማየት ነው።

ማሽን በሌለበት ጤና ጣቢያስ?

እዚህ ላይ ማድላቴን አልደብቅም። ከመንዝ ገጠር ተነስቶ ደብረ ብርሃን የሚደርስ ታማሚ መንገድ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ያለው መለኪያ የነርሷ እጅ ነው።

የጣት ጫፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ነጣ ይልና ይቀላል። ከሦስት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደሙ ከዳር እየሸሸ ሊሆን ይችላል። በኛ ብርድ ግን ጤነኛ ጣትም ይዘገያል። ፑልስ ኦክሲሜትሩም በቀዘቀዘ ጣት ላይ ይሳሳታል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ታውቋል። እጅን መጀመሪያ ማሞቅ፣ ወይም ደረት ላይ ተጭኖ ማየት ይሻላል።

ሁለተኛው የልብ ምትን ለላይኛው የደም ግፊት ማካፈል ነው። ምቱ 70፣ ግፊቱ 120 ከሆነ 0.6 አይሞላም፤ ደህና ነው። ምቱ 110፣ ግፊቱ 100 ከሆነ 1.1 ነው። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ብዙ አያስደነግጡም። ሲካፈሉ ግን ገመናው ይወጣል። ከ0.9 ካለፈ ተነሱ ማለት ነው።

ሦስተኛው ለወላድ ነው። የቀረውን ደም መለካት ካልተቻለ የፈሰሰውን እንለካ የሚል ሐሳብ ነው። በዓይን ሲገመት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ያንሳል፤ ደሙ ጨርቅና ፍራሽ ውስጥ ይጠፋል። ከወላዷ ሥር የሚነጠፍ፣ ወደ ታች እንደ ኪስ የሚወርድ፣ የሚሊ ሊትር መስመር ያለው ፕላስቲክ አለ። ደሙ ወደ ኪሱ ይገባል፤ አዋላጇ ቁጥሩን ታነባለች። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተሞከረና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ይህን ፕላስቲክ የመድማት ሕክምናዎችን ሳያዘገዩ በአንድ ላይ ከመስጠት ጋር አጣመረው። ከባድ መድማት፣ በዚያ ምክንያት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሞት ተደምረው በ60 በመቶ ቀነሱ። ፕላስቲኩ መርፌ የለውም፣ መብራት አይፈልግም።

እትዬስ?

«ደምዎ አላነሰም እማማ፣ ቀጥኗል» አለቻቸው ዶክተሯ። ልባቸው ስለደከመ ሰውነታቸው ውሃ ይዟል። ውሃው ፕላዝማውን አብዝቶታል፤ ሄሞግሎቢናቸው ወረቀት ላይ ዝቅ ያለውም በዋናነት በዚያ ነው። ያን ቀን እኔና የአጎቴ ልጆች «ደም ወይም ግሉኮስ ይሰጣቸው» ልንል ተዘጋጅተን ነበር። ሞልቶ በሚፈስ ድስት ላይ ልንጨምር ነበር ማለት ነው። የታዘዘላቸው ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ነው።

ዶክተሯ አንድ ነገር ደግማ አስጠነቀቀቻቸው፦ ሚዛን። ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ቢጨምር ስጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። ሳይወጋ የሚገኝ፣ ርካሽ መለኪያ ይኼ ነው። እትዬ ቤት ሚዛን የለም። ሰፈራቸው ያለው ወፍጮ ቤት ግን የእህል ሚዛን አለው። ወፍጮ ቤቱ እንደተከፈተ፣ እህል ሳይመጣ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ይወጡበታል።

ባለፈው ሳምንት ስደውልላቸው ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «47» አሉኝ። «እንደ ትናንትናው ነው። ደረጃውንም ሳላርፍ ወጣሁት።»